የሞተር መቀመጫ ጎማ በመተማ ቆላ

ጥቅምት ገብቶ የሰሊጥ አጨዳ በተጀመረ ጊዜ ከመተማ ዮሐንስ ወደ ገንዳ ውኃ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው፥ ከሚያልፉት መኪናዎች ብዙዎቹ ማርሽ በቀየሩ ቍጥር ከሞተራቸው ሥር «ጓ» የሚል ድምፅ ሲያወጡ ይሰማል። ሾፌሮቹ ድምፁን ስለ ለመዱት አይደነግጡበትም፤ እንዲያውም አንዳንዱ «የመኪናዬ ጠባይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን ጠባይ አይደለም፤ ሞተሩ ከተቀመጠበት ጎማ ላይ እየተነሣ ተመልሶ ሲወድቅ የሚሰጠው ድምፅ ነው።

እኔም እንዲህ ከሚሉት ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ዕድሜው ከታላቁ ልጄ ዕድሜ የሚበልጥ፥ ባለ 3ኤል የናፍታ ሞተር ቶዮታ ሂሉክስ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት መጨረሻ፥ ሰሊጥ የሚራገፍበትን ሸራ፥ የሠራተኞቹን ዱቄትና ሁለት በርሜል ውኃ ጭኜ ወደ እርሻ ስወርድ፥ ክረምቱ በቦረቦረው የዋልካ መንገድ ላይ የፊት እግሩ ከጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ሞተሩ ወደ ላይ ዘለለ። ማራገቢያው ከመከለያው ጋራ ተላተመና አንዱ ክንፉ ተሰብሮ ራዲያተሩን ወጋው። የፈሰሰውን ውኃ የዋልካው ስንጥቅ ወዲያው ጠጣው። እኔም ከመኪናው ጋራ ሁለት ሌሊት ከዚያው አደርሁ።

ለመተማ ሰው ስለ ሰሊጥ መንገር «ለቀባሪው አረዱት» እንደሚባለው ነው፤ ይሁን እንጂ በአዲስ አበባና በሌላ ስፍራ ላሉት አንባብያን ስል ባጭሩ ላስረዳ። የታጨደው ሰሊጥ በነዶ ታስሮ በቁሙ ይተከልና በፀሐይ ይደርቃል። ሲደርቅ ፍሬውን ያዘለው ቅርፊት ከአናቱ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ነዶውን ቀስ ብሎ አንሥቶ በሸራ ላይ ዘቅዝቆ ማራገፍ ነው። ቀኑ ያለፈበት እንደ ሆነ ነፋስ ያራግፈዋል፤ የነፋስ ሸራ ደግሞ መሬት ነው። ሸራው ከእኔ ጋራ ስለ ነበረ በሁለቱ ቀን ውስጥ ሦስት ኩንታል ያህል ሰሊጥ መሬት ላይ ቀረ። ሠራተኞቹ እስካለሁበት ድረስ በእግራቸው መጥተው ውኃውን በጀሪካን ተሸክመው ወሰዱ። ስለ ሰሊጡ አዘኑልኝ፤ ስለ ውኃው ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ዝምታቸው ከወቀሳ ይከብድ ነበር።

መኪናው ተጎትቶ ገንዳ ውኃ ደርሶ ሲፈታ የግራው የሞተር መቀመጫ ጎማ ከብረቱ ተላቆ ተገኘ። የገረመኝ መላቀቁ አይደለም። ያን ጎማ ከሰባት ወር በፊት በመጋቢት፥ ካርቶኑ እንደ ታሸገ ገዝቼ በገዛ እጄ የቀየርሁት ነበር። በመጀመሪያ የጠረጠርሁት ባለሱቁን ነው። ኋላ ነገሩን ስመረምር ግን ጥፋቱ ሁለት ሆኖ አገኘሁት። ባለሱቁ አልዋሸኝም፤ ዕቃው ማንም ያልተጠቀመበት አዲስ ዕቃ ነበር። ነገር ግን በቆርቆሮ ጣራ ሥር፥ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ብዙ በጋ አሳልፏልና፥ አዲስ ሳለ አርጅቶ ነበር። ሁለተኛው ጥፋት የእኔ የራሴ ነው፤ እርሱን በስፍራው እናገራለሁ።

የሞተር መቀመጫ ጎማ ማለት በሁለት ብረቶች መካከል በድኝና በሙቀት በስሎ ከብረቶቹ ጋራ የተጣበቀ ጎማ ነው። አንደኛው ብረት ከሞተሩ፥ ሁለተኛው ከሻንሲው ጋራ በቡሎን ይታሰራል። በሂሉክስ፥ በላንድ ክሩዘርና ሞተራቸው የመኪናውን ቁመት ተከትሎ በተቀመጠ በሌሎች መኪናዎች ሁለቱ በሞተሩ ግራና ቀኝ፥ አንዱ ከማርሽ ሳጥኑ ሥር ይገኛሉ። እንደ ቪትዝ ባሉት፥ የፊት እግራቸው በሚነዳ ትንንሽ አውቶሞቢሎች ደግሞ ሞተሩ አግድም ስለ ተቀመጠ መቀመጫዎቹ ሦስት ወይም አራት ይሆናሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ክብደት ከመሸከም ይልቅ ሞተሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይናጥ የሚይዝ ነው።

ሥራው ከመጠኑ ጋራ አይመጣጠንም። በመዳፍ የሚያዙ ሦስት ጎማዎች ከማርሽ ሳጥኑ ጋራ ከ2 ኩንታል በላይ የሚመዝነውን ሞተር ይሸከማሉ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር መኪናው ቆሞ ሳለ በደቂቃ 750 ጊዜ ቢዞር በያንዳንዱ ሴኮንድ 25 ጊዜ ነዳጅ ይፈነዳበታል፤ ያ ሁሉ ምት ወደ ሻንሲው እንዳይተላለፍ የሚያግደው ይኸው ጎማ ነው። ሾፌሩ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ደግሞ ሞተሩ እግሮቹን ወደ ፊት ሊያዞር እርሱ ራሱ ወደ ጎን መጠምዘዝ ይፈልጋል፤ እርሱንም ይዞ የሚያስቀረው ጎማው ነው።

የሰው ልጅ ወደዚህ አሠራር የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋራ በሙቀት ማብሰልን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1839 ሲሆን፥ አውቶሞቢል ከተሠራ በኋላ እንኳ ብዙዎቹ ሞተሮች ከሻንሲው ጋራ በቀጥታ በብረት ይታሰሩ ስለ ነበረ ተሳፋሪውን ከነጥርሱ ያንቀጠቅጡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 የአሜሪካው ክራይስለር ኩባንያ በፕሊማውዝ መኪናው ላይ ሞተሩን በጎማ የሚያንሳፍፍ አሠራር አወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት የፈረንሳዩ ሲትሮኤን በዚህ አሠራር የመጠቀም መብቱን ወስዶ፥ ለማስታወቂያው በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ነጭ ወፍ መረጠለት። በጎማ ላይ የተቀመጠው ሞተር ቀስ በቀስ በዓለም ሁሉ ልማድ ሆነ።

ታዲያ ያ ወፍ መተማ ቢመጣ ኖሮ ክንፉ ይከብደው ነበር። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለ ሲሆን መተማ ዮሐንስ ከ800 ሜትር ዝቅ ያለ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ በጥላ ሥር 40 ዲግሪ ያልፋል፤ በመኪና ኮፈን ሥር ያለውን ሙቀት ደግሞ እጁን ያስገባ ሰው ያውቀዋል። የኬሚስትሪ ሊቃውንት እንደ አውራ ደንብ የሚይዙት አንድ ነገር አለ፤ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ዕቃውን የሚያበላሸው ለውጥ ፍጥነቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ በደጋ ብዙ ዓመት የሚያገለግል ጎማ በቆላ ቶሎ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ሙቀቱን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ የቀረው ግን የእኛ ሥራ ነው። ሞተር በናፍታ ማጠብ በብዙ ስፍራ የተለመደ ነው፤ ሞተሩ ያንጸባርቃል፥ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። የተፈጥሮ ጎማ ግን ናፍታና ዘይት ሲነካው እየጠጣ ያብጣል፥ ይለሰልሳል፥ በመጨረሻም ከብረቱ ይለቃል። ከሞተሩ የሚንጠባጠብ ዘይት እንዳለ ትቶ ጎማውን ብቻ የሚቀይር ሰው፥ ጣራው እያፈሰሰ ምንጣፍ እንደሚለውጥ ሰው ይቈጠራል። ከዚህም ጋራ ከልክ ያለፈ ጭነትና በጭቃ የተያዘን መኪና ለማውጣት ፍሪሲዮኑን ባንድ ጊዜ መልቀቅ አለ፤ በክረምት በዋልካ የማይደረግ ነገር ባይሆንም፥ እያንዳንዱ ንጠቃ የሚያርፈው በጎማው ላይ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ጎማው ማለቁን ለማወቅ በመጀመሪያ ሌላውን ጥርጣሬ ማስወገድ ያስፈልጋል። ካንዴላው ወይም የናፍታ መርጫው የተበላሸ ሞተር ጎማው ደኅና ሆኖ ሳለ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ብሶ፥ ሲነሣና ሲጠፋ የመላተም ድምፅ ካለው፥ የማርሽ ዘንጉም ነዳጅ በተረገጠ ቍጥር ወዲያና ወዲህ የሚሄድ ከሆነ ግን ወደ ጎማው መመልከት ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ አንድ የታመነ ሾፌር ከመሪው ይቀመጥ፤ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፥ የእግር ፍሬኑንም አጥብቆ ረግጦ፥ አንደኛ ማርሽ ያስገባና ፍሪሲዮኑን መንካት እስኪጀምር ብቻ ጥቂት ይልቀቀው፤ ቀጥሎም በኋላ ማርሽ እንዲሁ ያድርግ። ተመልካቹ ከጎን ይቁም፤ ከመኪናው ፊት ወይም ኋላ ሰው መቆም የለበትም። ደኅና የሆነ ሞተር ጥቂት ብቻ ያዘነብላል፤ ብድግ ብሎ ዘፍ የሚል ከሆነ ጎማው አልቋል። ሞተሩን አጥፍቶ ሲበርድ በባትሪ መብራት ቢመለከቱት ስንጥቁ፥ ከብረቱ የተላቀቀበት ክፍተት ወይም የዘይቱ ርጥበት ይታያል። በአንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ጎማው ውስጡ ፈሳሽ የተሞላ ነው፤ በእነዚህ ላይ ከጎማው ሥር ጥቁር ፈሳሽ መውረዱ በቂ ምልክት ነው።

በቤቱ ግቢ ጎማውን ሊቀይር የሚነሣ ሰው ከመሣሪያው በፊት መሬቱን ይምረጥ። ዋልካ በበጋ ድንጋይ ቢመስልም ክሪክ ሲያርፍበት ይሰምጣል፤ የሲሚንቶ ወለል ወይም በጠጠር የተደለደለ ሜዳ የተሻለ ነው፤ ይህ ካልተገኘ ወፍራም ሳንቃ ይነጠፍ። ሥራውም ሞተሩ ሌሊቱን በርዶ ባደረበት በማለዳ ይጀመር። የእጅ ፍሬን ይሳብ፥ የኋላ እግሮች ፊትና ኋላ በድንጋይ ወይም በእንጨት ይደገፉ፥ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታ። ከሥር መግባት የሚያስፈልግ ከሆነ መኪናው ከሻንሲው ሥር በብረት ማቆሚያ ላይ ይቀመጥ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባትን ማንም ሰው፥ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን፥ አይድፈረው። ክሪክ ያነሣል እንጂ አይጠብቅም።

ቀጥሎ ሞተሩን ራሱን በሌላ ክሪክ ከሥር መደገፍ ነው። የዘይቱ ገንዳ ብዙውን ጊዜ ስስ ቆርቆሮ ስለ ሆነ የክሪኩ ራስ በቀጥታ ቢያርፍበት ይጎደጉዳል፤ በመካከሉ ሰፊና ወፍራም ጣውላ ገብቶ ክብደቱን ያከፋፍል። ገንዳው ከአሉሚኒየም የተሠራ እንደ ሆነ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ሌላ ጠንካራ ስፍራ መፈለግ ይሻላል። ክሪኩ የሚነሣው ክብደቱ ከጎማው ላይ እስኪለቅ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢነሣ የራዲያተሩን ቱቦ ይጎትታል፥ የጭስ ማውጫውን ያጣምማል፥ ማራገቢያውንም ከመከለያው ጋራ ያላትማል። ዝገት የያዘው ቡሎን በዋዜማው ዘይት ጠጥቶ ይደር፤ በማግሥቱ ዳዶው በቀላሉ ይታዘዛል። የሚፈታው አንድ ጎማ ብቻ ነው። እርሱ ተቀይሮ ሳይታሰር ሁለተኛውን መንካት ሞተሩን አቅጣጫ ያሳጣዋል። ጣትንም በሞተሩና በሻንሲው መካከል ባለው ክፍተት ማስገባት አይገባም፤ የቡሎኑን ቀዳዳ ለማጋጠም ጣት የሚያስገቡ ሰዎች አሉ፤ ክሪኩ ጥቂት ቢወርድ ጣቱ ከዚያ ይቀራል።

አሮጌው ከወጣ በኋላ ከአዲሱ ጋራ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስተያየት ነው፤ ቁመቱ፥ የቀዳዳዎቹ ርቀት፥ የብረቱ መታጠፊያ፥ ግራና ቀኙ። አሮጌው በክብደት ብዛት ስለ ተጨፈለቀ አዲሱ ጥቂት ቢረዝም አያስደንቅም። የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ካለው ወደ ስፍራው ይመለስ፤ ያለ ምክንያት አልተሠራም።

የእኔ ጥፋት እንግዲህ ከዚህ ላይ ነበር። ሞተሩ በክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ፥ ጥቂትም ወደ ቀኝ አዘንብሎ ሳለ፥ ቡሎኖቹን በሙሉ ኀይሌ አጠበቅሁና በሥራዬ ረክቼ እጄን ታጠብሁ። ክሪኩ ሲወርድ ሞተሩ ወደ ተፈጥሮ ስፍራው ለመመለስ ፈለገ፤ ጎማው ግን በሁለቱም ብረት ታስሯልና ተጠምዞ ቀረ። ተጠምዞ ሰባት ወር ሠራ። ትክክለኛው አሠራር ቡሎኖቹን ሁሉ በእጅ ብቻ አስጀምሮ መተው፥ ክሪኩን ቀስ ብሎ አውርዶ ክብደቱ በጎማው ላይ እንዲያርፍ ማድረግ፥ ሞተሩን በእጅ ወዲያና ወዲህ ነቅንቆ ራሱ ስፍራውን እንዲያገኝ መርዳት፥ ከዚያ በኋላ ብቻ በቺያቬ ማጥበቅ ነው። የጥብቀቱን ልክ የመኪናው መጽሐፍ ይናገራል፤ መጽሐፉና መለኪያ ያለው ቁልፍ ያለው ሰው በዚያው ይመራ። ራሳቸውን የሚቆልፉ ዳዶዎች አንድ ጊዜ ከተፈቱ በአዲስ ቢተኩ ይመረጣል።

ባትሪው ሳይገጠም ማራገቢያውን በእጅ አዙሮ ከመከለያው ጋራ ያለውን ርቀት በዙሪያው ማየት ይገባል። ቱቦዎቹና ገመዶቹም ያልተወጠሩ፥ የጭስ ማውጫውም ከሻንሲው ጋራ ያልተነካካ መሆን አለበት። ከዚህ በኋላ ሞተሩ ተነሥቶ ያ የፍሬኑ ፈተና ይደገማል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተሄደም በኋላ ጥብቀቱን እንደገና መመልከት ነው። ደግሞም አንደኛው ጎማ ያለቀ እንደ ሆነ ጓደኛው የእርሱን ሸክም ተሸክሞ ቆይቷልና፥ ግራና ቀኙን አብሮ መቀየር ሁለተኛ ድካም ያስቀራል።

ይህ ሁሉ ለፒክአፕና ለመሰሎቹ ነው። የአይሱዙና የሲኖትራክ ሞተር ክብደቱ ሌላ ስለ ሆነ መስቀያ ላለው ጋራዥ ይተው። የሻንሲው ጆሮ የተሰነጠቀበት መኪና፥ ወይም ጎማውን ለማውጣት የፊት እግሮቹን የተሸከመውን ብረት ማውረድ የሚያስፈልግበት አውቶሞቢል እንዲሁ የግቢ ሥራ አይደለም።

ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ ስለሚገባው ምትክም ሳልናገር አላልፍም። በበረሃ መካከል የቆመን ሰው ቤቱ የሚያደርስ ስለ ሆነ አልነቅፈውም፤ እኔም በዚያች ሌሊት ቢላዋና ራዲያተር ኖሮኝ ቢሆን አደርገው ነበር። ነገር ግን የመንገድ ጎማ የተሠራው ለመሄድ እንጂ ለመሸከምና ለማለዘብ አይደለም፤ ውስጡም ሽቦና ክር አለው። ከልክ በላይ ስለሚጠነክር ምቱን ሁሉ ለሻንሲው ያስተላልፋል። ከዚያ በኋላ የሚሰነጠቀው የጭስ ማውጫው፥ የሚላላው የመብራቱ ገመድ፥ የሚያፈሰው ራዲያተሩ ነው፤ ባለ መኪናውም እያንዳንዱን ለብቻው እየጠገነ ምክንያቱን ሳያገኝ ይኖራል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቃሌ ለባለሱቆችና ለአስመጪዎች ነው። መለዋወጫ ዕቃ በዚህ ጠረፍ ምን ያህል እንደሚመዝን የቆየ ምሳሌ አለን። በጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ስሊም የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ጣልያኖችን ከገላባትና ከመተማ ለማስለቀቅ ሲነሣ 12 ታንኮች ነበሩት። ገላባትን ያዘ፤ ነገር ግን ከታንኮቹ አብዛኞቹ በፈንጂና በቋጥኝ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ቆሙ፤ መለዋወጫቸውን የጫነው ካሚዮንም በጣልያን አውሮፕላን ቦምብ ተመታ። ወደ መተማ መግፋቱ ቀረ፤ ገላባትንም መልሰው ለቀቁ።

ዛሬም መለዋወጫው የሚመጣው ከሩቅ ነው። በመለዋወጫ ዕቃ ንግድ ከታወቀው ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ እስከ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ፥ ከጎንደር እስከ መተማ ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በገላባት በኩል ይገባ የነበረውም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ እንደ ቀድሞው አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ፤ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ጨመረ። እንግዲህ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች ገና ብዙ ጊዜ ሊያገለግሉን ነው፤ የመቀመጫ ጎማ ገበያም አይጠፋም። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተርም ቢሆን በጎማ ላይ የሚቀመጥ መሆኑን አስመጪዎች ልብ ይበሉ።

ዕቃውን በስሙ ብቻ ማዘዝ የኪሳራ መጀመሪያ ነው። «የሂሉክስ የሞተር ጎማ» የሚባል አንድ ዕቃ የለም፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት፥ እንደ ዘመኑና እንደ ማርሽ ሳጥኑ ይለያያል። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩና የሞተሩ ዓይነት ተጽፎ ይላክ። በቶዮታ ዕቃዎች ላይ የመጀመሪያዎቹ አምስት አኃዞች የዕቃውን ወገን ይናገራሉ፤ ለምሳሌ በሂሉክስና በመሰሎቹ 12361 የፊት፥ 12371 የኋላ መቀመጫ ነው። የቀሩት አምስቱ የየትኛው ሞተርና የየትኛው መኪና እንደ ሆነ ይለያሉ፤ ባለሱቆቻችን የሚሳሳቱት በእነዚህ በኋለኞቹ ነው። በጉምሩክ በኩልም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጎማ ብቻ የሆነ ዕቃ በታሪፉ ምዕራፍ 40፥ ብረት የተጋጠመበት የመኪና ክፍል ግን በምዕራፍ 87 ሊመደብ ስለሚችል፥ ናሙናና ቁጥሩን ይዞ አስቀድሞ መጠየቅ ከክርክር ያድናል።

ዋናው ነገር ግን አቀማመጡ ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ስለ ጎማ ዕቃዎች አቀማመጥ ያወጣው 2230ኛው መመሪያ የመጋዘኑ ሙቀት ከ25 ዲግሪ በታች እንዲሆን፥ ዕቃውንም የፀሐይ ብርሃን እንዳይነካው ይመክራል፤ በዚህ ሁኔታ ለተቀመጠ የተፈጥሮ ጎማ የሚሰጠው የመጀመሪያ ዕድሜ 5 ዓመት ነው። በመተማ በቆርቆሮ ጣራ ሥር 25 ዲግሪ የሚባል ነገር በቀላሉ አይገኝም። ማቀዝቀዣ ያለው መጋዘን ለመለዋወጫ ሱቅ ይሠራ ማለቴ አይደለም፤ ያ ቀልድ ነው። ነገር ግን የጭቃ ግድግዳ ያለው የኋላ ክፍል ከፊተኛው ሱቅ ይቀዘቅዛል፤ የታችኛው መደርደሪያም ከላይኛው ይሻላል። ጎማውን ከካርቶኑ አውጥቶ በመስኮት ላይ ማሳየት፥ በምስማር መስቀል፥ ከባድ ዕቃ መጫን፥ ከብየዳ ማሽንና ከኤሌክትሪክ ሞተር አጠገብ ማስቀመጥ ሁሉ ዕድሜውን ይቀንሳል። ከሁሉም ይልቅ በአንድ ዓመት የማይሸጠውን ያህል አለማዘዝ ነው፤ በርካሽ የተገኘ ብዙ ጎማ ሦስት መጋቢት ካለፈበት ርካሽ አይደለም።

ገዢውም ዓይን አለው። በአንዳንዱ ጎማ ወይም ብረት ላይ እንደ ሰዓት ፊት ያለ ትንሽ ክብ ምልክት ይገኛል፤ መካከሉ የተሠራበትን ዓመት፥ ዙሪያው ወሩን ያመለክታል። ምልክት በሌለው ላይ ጎማውን ለጠጥ አድርጎ መመልከት ነው፤ እንደ ደረቀ መሬት ቀጫጭን ስንጥቅ ካሳየ፥ ወይም በአውራ ጣት ጥፍር ሲጫኑት ምንም የማይገባለት ከሆነ፥ ካርቶኑ ምንም ቢያምር ይተወው።

ለእኔ ያን ጎማ የሸጠልኝን ባለሱቅ ነገሩ ከታወቀ በኋላ ተላቆ የወጣውን ይዤ አነጋገርሁት። በመጀመሪያ ተቆጣ። ቀጥሎ መሰላል አምጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ካርቶን አወረደና በጥፍሩ ጫነው፤ ሁለተኛውንም፥ ሦስተኛውንም እንዲሁ አደረገ። ከዘጠኙ አራቱን ለይቶ ከባንኮኒው ሥር ጣላቸው፤ ዋጋቸውን በልቡ ሲደምር ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። የቀሩትን አምስቱን ወደ ኋላው ክፍል ወስዶ ከመሬት ጥቂት ከፍ ባለ ሳንቃ ላይ ደረደራቸውና፥ ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ በእያንዳንዱ ካርቶን ራስ ላይ የገባበትን ወርና ዓመት ጻፈ። የአንዱን ማስታወስ ስላልቻለ ሚስቱን ጠራ። እርስዋም ካርቶኑን አየችና «ይህማ ልጃችን ክርስትና በተነሣ ሰሞን የመጣ ነው» አለችው። ልጁ በዚያን ጊዜ በሱቁ ደጅ ኳስ ይጫወት ነበር። ባለሱቁም አምስተኛውን አንሥቶ ከአራቱ ጋራ ጨመረው።